ሦስተኛው ዓምድ

ባለፈው የወር መዝጊያ የሂሳብ ሚዛኑ አልገጥም አለኝ። ልዩነቱ 63 ነበር። ሂሳብ ሥራ ላይ ያረጀ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ መጀመሪያ ለ9 ያካፍለዋል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ የሆነ ቦታ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል ብሎ ይጠረጥራል። ተካፈለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቫውቸር ሳገላብጥ ቆይቼ አገኘሁት። 81 ማለት የነበረብኝን 18 ብዬዋለሁ። በ31 ዓመት የሥራ ዘመኔ እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ግን ተሳስቼ አላውቅም።

ቀኑን አየሁት። ቁጥሩን ያስገባሁት፣ እናቴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ «ቤቴ ውሰዱኝ» ስትል ባደረችበት ማግስት ነው። ያለችው ቤቷ ውስጥ ነው። ይህን ለማስረዳት መሞከር ከንቱ ነው፤ ብዙ ሌሊት ሞክሬዋለሁ።

እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ እናቴ 84። የመርሳት በሽታ እንዳለባት ከተነገረን አራት ዓመት ሆነ። ቀን ቀን በክፍያ የምታግዘን ሴት አብራት ትውላለች። እኔ ከሥራ ስገባ እሷ ትወጣለች፤ በር ላይ እንደ ዘበኛ ፈረቃ እንቀባበላለን። «በልታለች፣ መድኃኒቷን ወስዳለች፣ ዛሬ ትንሽ ተቆጥታለች» ትለኛለች፣ ቦርሳዋን እያነሳች። ሴት ልጄ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ትሠራለች። በእነዚያ ቀናት ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ልጇ እኔ ጋ ያመሻል። አያት ቅድመ አያት ሳይባባሉ ሁለቱ ይጣላሉ፣ ሁለቱ ይታረቃሉ። እሱ ጫማዋን ይደብቃል፤ እሷ ደግሞ የደበቀበትን ቦታ አግኝታ ሌላ ቦታ ትደብቀዋለች።

እንደ እኔ ላለው ሰው ስም ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ዶሮቲ ሚለር የተባለች አሜሪካዊት የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ «የሳንድዊች ትውልድ» አለችን። ከላይ ወላጅ፣ ከታች ልጅ፣ መሃል እኛ። እሷ በልቧ የያዘቻቸው ገና ልጆች የሚያሳድጉትን ነበር። በእኔ ዕድሜ ከታች ያለው የልጅ ልጅ ነው። ሳንድዊቹ አንድ ፎቅ ጨምሯል።

ያን ቀን 63ቱን ካገኘሁ በኋላ ተናድጄ አንድ ነገር አደረግኩ። አዲስ ደብተር ገዛሁና ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። አንዱ «ደመወዝ ያለው»፣ ሁለተኛው «ደመወዝ የሌለው»፣ ሦስተኛው «የእኔ»። ለአንድ ሳምንት፣ በየሰዓቱ ምን እንደሠራሁ ልመዘግብ። ሂሳብ ሠራተኛ ሲጨንቃት ሌላ ምን ታደርጋለች?

ምዝገባው ከጠበቅኩት በላይ ከበደኝ። ጊዜ አጥቼ አይደለም፣ ምን የት እንደሚገባ እየጠፋኝ ነው። ለምሳሌ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስልክ ጮኸ። አጋዣችን ናት፤ «እማማ መታጠቢያ ቤት ገብተው በሩን ቆለፉት» ትላለች። 11 ደቂቃ በስልክ እናቴን እያባበልኩ በሩን አስከፈትኳት። ይህ የየትኛው ዓምድ ነው? ደመወዝ ያለው ሰዓት ውስጥ ደመወዝ የሌለው ሥራ። ወይም ሌሊቱን ውሰዱት። ተኝቻለሁ፣ ግን የእናቴ ክፍል በር ሲንቋረር እሰማለሁ። ሰውነቴ ተኝቷል፣ ጆሮዬ ተረኛ ነው። እንቅልፍ ብዬ ልጻፈው ወይስ ጥበቃ? መጨረሻ ላይ እንቅልፍ ብዬ ጻፍኩትና ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ። የበላይ ኦዲተር የለብኝም።

በሳምንት 168 ሰዓት አለ። ከዚያ ውስጥ ሥራ 42፣ መንገድ 8፣ እናቴና የልጅ ልጄ 47፣ የቤት ሥራ 19፣ ከነጥያቄ ምልክቱ እንቅልፍ 39። መብላት፣ መታጠብና መልበስ 10። የቀረው 3 ሰዓት። ሦስተኛው ዓምድ ይኸው ነው። ከሦስቱ አንዱን ሰዓት ደግሞ ደብተሩን ስሞላ ነው ያጠፋሁት።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ሴቶች ክፍያ ለሌለው የእንክብካቤና የቤት ሥራ በአማካይ በቀን 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያውላሉ፣ ወንዶች 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ። የእኔን 47 እና 19 ደምሬ ለሰባት አካፈልኩት። 9 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ወጣ። ቁጥሩን ሳየው ኩራት ነገር ተሰማኝ፣ ወዲያው ደግሞ አሳፈረኝ። በዚህ ይኮራል?

«ታዲያ ሥራውን ለምን አትተይውም?» ይሉኛል። የሚሉኝ ደግሞ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ደከመሽ፣ ዕድሜሽ ገፋ፣ ጡረታ ሁለት ዓመት ቀድሞ ቢሆን ምን አለበት። ምን እንዳለበት ላስላው። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ከዘመኔ ሁሉ ከፍተኛው ነው። አሁን ብወጣ ጡረታዬ እስክሞት ድረስ ያንሳል። ቀን እናቴን የምትይዝልኝን ሴት የምከፍላት ከዚሁ ደመወዝ ነው። ደመወዙ ከሌለ እሷ የለችም፣ እሷ ከሌለች የ42ቱንም ሰዓት ሥራ እኔው እሠራዋለሁ። እናም እናቴ ስታልፍ እኔ ሥራ የሌላት፣ ጡረታዋ የሳሳ፣ ወገቧ የተቆረጠ የ60 ምናምን ዓመት ሴት እሆናለሁ። ያኔ ተራው የእኔ ነው። እኔን ለማስታመም ማን ሥራ ይለቃል? ልጄ? ይቺ ሰንሰለት የሆነ ቦታ መበጠስ አለባት።

በነገራችን ላይ ይህን ስል ቀን የምታግዘንን ሴት አልረሳሁም። እሷም 50ዎቹ ውስጥ ናት፣ እሷም የታመመች እናት አለቻት። የእሷን እናት ቀን ቀን የምትጠብቃት እህቷ ናት፣ ያለ ክፍያ። የእኔ ደመወዝ የሚቆመው በእነዚህ ሁለት ሴቶች ትከሻ ላይ ነው። እዚህ ላይ ጻድቅ መስዬ ልታይ አልፈልግም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ቢሮ የማርፍበት ቦታ ነው።

ቁጥር ካስቀመጥሽው ቦታ ይገኛል። እናቴ ግን መነጽሯን ጫማ ውስጥ ትከታለች፣ ከዚያ «ሌባ ገብቷል» ትላለች፣ ከዚያ ሌባዋ እኔ እሆናለሁ። ቢሮ ውስጥ አንድ ጥያቄ አንዴ ነው የሚጠየቀው። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ባለችው ደቂቃ ውስጥ፣ ትከሻዬ ሲወርድ ይሰማኛል። ሥራ የሚያደክማቸው ሰዎች ሲያማርሩ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ይህን የእናቴን ጉዳይ አለቃዬ ሳያውቅ ስምንት ወር ደብቄያለሁ። ሞኝነት ነበር። ዓመት ፈቃዴን በግማሽ ቀን እየቆራረጥኩ፣ «ጥርሴን አሞኝ ነው» እያልኩ። በዚያ ዓመት የተናገርኩት የጥርስ ሕመም ልክ ቢሆን አንድ ጥርስ አይተርፈኝም። ለምን እንደደበቅኩት ሳስበው፣ ልጅ የታመመበት ሰው ወሬውን ሲናገር ቢሮው ሁሉ «እግዜር ይማርልህ» ብሎ ይሸኘዋል። እናቴ አመመችኝ ስትይ ግን የሰው ፊት ላይ የሆነ ነገር ያልፋል። ያረጀ ሰው ቢታመም ምን ይገርማል ዓይነት። ልጅ ደግሞ ያድጋል፤ በዚህ ዓመት ትምህርት ቤት ይገባል ተብሎ ይታቀዳል። የእናቴ ነገር ስንት ዓመት እንደሚሄድ የሚነግረኝ ሐኪም የለም። እየቀለለ አይሄድም፣ ይህን ብቻ ነው የነገሩኝ።

በመጨረሻ የነገርኩት ተገድጄ ነው። 63ቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ከእነዚያ ሦስት ስህተቶች በመጀመሪያው። አለቃዬ በዕድሜ ከልጄ ብዙ አይበልጥም። «እትዬ፣ እርስዎ እንዲህ ዓይነት ነገር አያሳልፉም ነበር። ደህና ነዎት?» አለኝ። ጥርሴን ልል አፌን ከፈትኩ። እናቴ አልኩ።

ቀድሜ አስቤበት ስለነበር ልመና ሳይሆን ሦስት ነገር ጠየቅኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ዘግይቼ ልግባ፣ ማታ አንድ ሰዓት ዘግይቼ ልውጣ፤ እናቴ የምትነሳበትና የምትለብስበት ሰዓት እሱ ነውና። አጋዣችንም አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ለመግፋት ተስማምታልኝ ነበር። ስልኬ ስብሰባ ላይም ቢሆን ጠረጴዛ ላይ ትሁን። የወር መዝጊያውን አንዲት ወጣት ባልደረባዬ አብራኝ ትልመድ፣ ድንገት ብቀር ደመወዝ እንዳይዘገይ። ሦስተኛው ለራሴ ከባድ ነበር። ፔይሮሉን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ማለቴ ነው፣ 14 ዓመት ብቻዬን ይዤዋለሁ። ሌላ ሰው ሲያውቀው የማላስፈልግ መሰለኝ። አሁን ያቺ ልጅ ከእኔ ትፈጥናለች፤ ገና አልወደድኩላትም፣ ግን ባለፈው ሳምንት ሳልጨነቅ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

የዓለም ሥራ ድርጅት ቁጥር 156 የሚባል ስምምነት አለው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች። ስለ ልጅ ብቻ አይደለም የሚያወራው፤ እንክብካቤ የሚያስፈልገውን ሌላ የቅርብ ቤተሰብም ይጨምራል። የቤተሰብ ኃላፊነት ብቻውን ሠራተኛን ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ጥርሴን አላማም ነበር።

አሁን የሌላ አገር ሕግ ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። ከሁሉ የገረመኝ የጃፓን ነው። ለአንድ ታማሚ ቤተሰብ 93 ቀን ፈቃድ አለ፣ ለሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ሊወሰድ የሚችል። መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩ። በዚህ በሽታ 93 ቀን ምን ያደርጋል? በኋላ ገባኝ። ቀኖቹ ቁጭ ብለሽ እንድታስታምሚባቸው አይደሉም። አጋዥ እንድትፈልጊባቸው፣ ሐኪም እንድታመላልሺባቸው፣ ወረቀት እንድታስጨርሺባቸው፣ ከዚያ ወደ ሥራሽ እንድትመለሺ ነው። እኔ ያን ሁሉ በግማሽ ቀን በግማሽ ቀን ነው የሠራሁት፣ በጥርስ ሕመም ስም። ጀርመን ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ለሚያስታምም፣ ሥራው ከ30 ሰዓት ለማይበልጥ ሰው፣ የአገሪቱ የእንክብካቤ መድን (ኢንሹራንስ) የጡረታ መዋጮ ይከፍልለታል። ይህን ያነበብኩት ማታ አልጋ ላይ ነው። ተነስቼ ቁጭ አልኩ። እንግዲህ የእኔን ሁለተኛ ዓምድ የሚመዘግብ አገር አለ ማለት ነው። በእርግጥ እኔ 42 ሰዓት ስለምሠራ እዚያም ብሆን አላገኝም። ሂሳብ ሠራተኛ የደስታ ዜና ሲነገራት እንኳ የግርጌ ማስታወሻውን ታነባለች።

ወደ ወንድሜ ልምጣ። ታናሼ ነው፣ መልካም ሰው ነው፣ እናቱን ይወዳል። «እትዬ፣ ካስፈለገሽ ደውይልኝ» ይል ነበር ሁልጊዜ። ይህቺ «ካስፈለገሽ» የምትባል ቃል ውስጧ ሥራ ተደብቋል። ምን እንደሚያስፈልግ የማስበው እኔ፣ መቼ እንደሚያስፈልግ የማውቀው እኔ፣ የምደውለው እኔ፣ ሲመጣ የማስረዳው እኔ። ከዚያ እሱ አገዘኝ ይባላል። ለዓመታት ሳልደውል ቀረሁና ውስጤ ቂም ያዝኩበት። እሱ ደግሞ ካልደወለች ተመችቷታል ብሎ ተኛ። ሁለታችንም አልዋሸንም።

ደብተሩን አሳየሁት። ምንም አልተናገርኩም፣ ገጹን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ረጅም ጊዜ አየው። «ይሄ 3 ምንድን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሌሊት የእሱ ነው። የመድኃኒቱም ነገር ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው፤ ሊያልቅ ሲል ማወቅ፣ መግዛት፣ የሳምንቱን ሣጥን መሙላት። «አግዘኝ» አላልኩትም፣ ሰጠሁት። የመጀመሪያው ሐሙስ ሌሊት አራት ጊዜ ደወለ፤ የሌሊት ልብሷ የት ነው፣ መብራቱን ላጥፋው ወይስ ይብራ። በሦስተኛው ሐሙስ ማግስት ዓይኑ ደም መስሎ ወጣ። «እትዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አለኝ።

«ሐሙስ እንኳ ቀላል ናት» አልኩት።

ስለ ወገቤም ልናገር፣ ምናልባት የሚጠቀምበት ካለ። እናቴን ከወንበር የማነሳት በብብቷ ይዤ ወደ ላይ በመጎተት ነበር። አንድ ቀን ወገቤ «ቀጭ» አለና ሁለት ቀን ተኛሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ስታየኝ ጎትተሽ አታንሺ፣ ራሷ ትነሳ አለችኝ። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጫፍ ትጠጋለች። እግሮቿን ከጉልበቷ ትንሽ ወደ ኋላ ትስባለች። ከዚያ ወደ ፊት ታጎነብሳለች፣ አፍንጫዋ ከእግር ጣቶቿ በላይ እስኪመጣ ድረስ። እዚያ ላይ ስትደርስ መቀመጫዋ በራሱ ይነሳል፣ የእኔ እጅ ለድጋፍ ብቻ ነው። እናቴ የራሷን ልጅ ስም ረስታ «አፍንጫ ወደ ጣት» የሚለውን ግን ይዛዋለች። አንዳንዴ እኔ ከወንበር ስነሳ ታዘኛለች።

አንዴ ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ፍጹም ሌላ ሰው ሆነች። አታውቀኝም፣ ግድግዳውን ታወራለች፣ መቆም አቃታት። በቃ በሽታው አዲስ ደረጃ ገባ አልኩ፣ ሥራም ልልቀቅ ብዬ ማመልከቻ በልቤ ጻፍኩ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። መድኃኒት ወስዳ በሳምንቷ ወደ ቀድሞዋ ተመለሰች። የመርሳት በሽታ ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ በአንድ ሁለት ቀን የሚመጣ ለውጥ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ማየት አለበት። ማንም አልነገረኝም ነበር። በልቤ የጻፍኩትን ማመልከቻ እጄ ጽፎት ቢሆን ኖሮስ?

ሐሙስ ሌሊት ምን እንደማደርግ የሚጠይቁኝ አሉ። መጀመሪያ ሰሞን ልጄ ቤት እያደርኩ ዝም ብዬ ነቅቼ ጣሪያ አይ ነበር። ጆሮዬ ተረኝነቱን አልለቅ አለ። አሁን እየለመደ ነው። ባለፈው ሐሙስ 7 ሰዓት ሙሉ ተኛሁ፣ ያለ ጥያቄ ምልክት።

ትናንት ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። «የት ልትሄጂ ነው?» አለች።

«ሥራ፣ እማዬ።»

«እኔም ሥራ አለኝ» አለች፣ ተቆጥታ። ከልብስ ቅርጫቱ ፎጣ አወጣችና ታጥፍ ጀመር። አራት ማዕዘኑን ታገናኛለች፣ በመዳፏ ትዳምጠዋለች፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ታጥፈዋለች። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ሠርታለች፤ እጆቿ አልረሱም። ስሰናበታት ቀና አላለችም፣ ሥራ ላይ ነበረች።

ቢሮ ደርሼ ቦርሳዬን ስከፍት ከቫውቸሮቹ መሃል አንድ ትንሽ የፊት ፎጣ ወጣ። እንደ ደብዳቤ አራት ላይ ታጥፏል። መቼ እንደከተተችው አላየሁም። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ማታ ደብተሩን ከፈትኩ፤ የትኛው ዓምድ ላይ እንደምጽፈው ግን አላወቅኩም።